በማን ቁና?
ስለ ልኬት፣ ስለ ስህተቱና ስለ መተማመን

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ምርት ዕድገት ተናገር» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን አንድ ነገር እጄን ያዘው። ስለ ምርት ዕድገት ለመናገር ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩን የምናገኘው ደግሞ ከልኬት ነው። እኔ ራሴ የለካሁት ቁጥር አንድ ጊዜ ሰው ስለጎዳ፣ ዛሬ ስለ ዕድገቱ ሳይሆን ዕድገቱን ስለምንለካበት ነገር ላነጋግራችሁ መርጫለሁ።

አባቶቻችን እህል ሲበደሩም ሲያበድሩም አስቀድመው «በማን ቁና?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ታውቃላችሁ። አምስት ቁና ማሽላ ተባለ ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። የማን ቁና ነው? ሰፋሪው ማን ነው? አፉ ድረስ ብቻ ነው ወይስ የተቆለለ? ይህ ጥያቄ የንፉግ ጥያቄ አልነበረም። ማንኛውም ልክ መሣሪያውን፣ የለካውን እጅና የአለካኩን ዘዴ ሳያውቁ እንደማይታመን የተረዳ ሰው ጥያቄ ነው። የምህንድስና ባለሙያዎች ይህንኑ ጉዳይ በስሌት አስደግፈው ያጠኑታል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1993 የልኬትን የጥርጣሬ መጠን እንዴት መግለጽ እንደሚገባ የሚያስረዳ መመሪያ አሳትሟል። የመመሪያው ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲነገር፣ አንድ ልኬት የተሟላ የሚሆነው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በዚያ ቁጥር ላይ ምን ያህል መጠራጠር እንደሚገባ ጭምር ሲነግረን ነው የሚል ነው።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወር ጥቅምት፣ ማሽላው እሸት አልፎ መድረቅ በጀመረበት ጊዜ፣ የምርት ግምት እንድሠራ ታዘዝኩ። በዚህ በራያ ቆላ ከሚገኙት ቀበሌዎች በአንዱ ወደ አንድ አባት ማሳ ሄድኩ። ማሳው ሁለት ጥማድ ነው፤ ጥማዱን በሩብ ሄክታር ብናስበው ግማሽ ሄክታር ማለት ነው። ቀኑ መሽቶብኝ ነበር፣ ገና የምሄድባቸው ሦስት ማሳዎችም ነበሩ። ስለዚህ ከመንገዱ አጠገብ፣ የጎርፍ ጠለፋው ውሃ መጀመሪያ በሚገባበት በኩል፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነውን ኳድራት ሦስት ቦታ አሳረፍኩ። ዛላውን ቆርጬ፣ ፍሬውን አስለቅቄ መዘንኩ። 310 ግራም፣ 340 ግራም፣ 325 ግራም ሆነ። አማካዩ 325 ግራም ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ 32.5 ኩንታል በሄክታር ብዬ ጻፍኩ። ለእኒያ አባት ግማሽ ሄክታር ደግሞ 16 ኩንታል ከሩብ ሆነ።

ሦስቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው አሞኘኝ። «ሦስት ጊዜ ለክቼ ይህን ያህል ከተቀራረበ ትክክል ነው» አልኩ። መቀራረብና ትክክል መሆን ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማሽላው ተወቅቶ ሲሰፈር 9 ኩንታል ሆነ። እኔ ያልረገጥኩት የማሳው ግርጌ በአቀንጭራ ተመትቶ ነበር፤ ውሃውም እዚያ ድረስ በሚገባ አልደረሰም። በዚህ ላይ የመዘንኩት ፍሬ ገና እርጥብ ነበር። በዚህ መካከል ግን የእኔ ቁጥር ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተደምሮ ወደ ላይ ሄዷል። ማኅበሩ ግምቱን አምኖ ጆንያ ገዝቷል፣ መኪና ተነጋግሯል፣ ሊሰበስብ ያልቻለውን እህልም ለመሰብሰብ አቅዷል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በክረምቱ የእርዳታ ተጠቃሚዎች ሲለዩ እኒያ አባት «ምርታማ» ተብለው ከመዝገቡ ሳይገቡ ቀሩ። ኋላ መንገድ ላይ አገኙኝ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ያ የጻፍክልኝ 16 ኩንታል የት ነው ያለው? እኔ ጎተራ ውስጥ የለም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ክቡራትና ክቡራን፣

እኔ አልዋሸሁም፤ ያነበብኩትን ነው የጻፍኩት። ታዲያ ስህተቱ የት ነበር? ሦስት ቦታ ላይ ነበር፤ ሦስቱንም አንድ በአንድ ብናያቸው ለሁላችንም ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው ማባዛት ነው። ከአንድ ካሬ ሜትር ተነስተን ስለ ሄክታር ስንናገር በ10,000 እናባዛለን። በመሆኑም በኳድራቱ ውስጥ የተሳሳትናት 10 ግራም በሄክታር 100 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ኩንታል ትሆናለች። ማሽላ ደግሞ እንደ ጤፍ ጥቅጥቅ ብሎ አይበቅልም፤ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ የሚቆመው አገዳ ጥቂት ነው። በኳድራቱ ጠርዝ ላይ የቆመች አንዲት አገዳ «ውስጥ ናት» ወይም «ውጭ ናት» በማለታችን ብቻ፣ ዛላዋ 40 ግራም ብትይዝ፣ በሄክታር 4 ኩንታል ጨምረን ወይም ቀንሰን እናድራለን። የኳድራቱ ጎን ራሱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ስፋቱ በ100 አራት ያህል ይጨምራል። ኳድራቱ አራት ሜትር በአራት ሜትር ቢሆን ግን ያችው ሁለት ሳንቲ ሜትር የምታመጣው ስህተት በ100 አንድ ገደማ ብቻ ነው፤ የምናባዛውም በ10,000 ሳይሆን በ625 ይሆናል። ሰፊ ኳድራት ብዙ ድካም አለው፣ ነገር ግን ድካሙ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው የቦታ ምርጫ ነው። እኔ የለካሁት ማሳውን ሳይሆን የማሳውን ራስጌ ነው። በዚያ ራስጌ ሦስት ሳይሆን ሠላሳ ኳድራት ብጥል ኖሮ ቁጥሩ ይበልጥ በተቀራረበ ነበር፤ እውነቱን ግን አላገኘውም ነበር።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። 100 ኪሎ ማሽላ ከክብደቱ በ100 አሥራ ስምንቱ ውሃ ከሆነ፣ ደረቁ እህል 82 ኪሎ ብቻ ነው። ያው እህል እርጥበቱ ወደ 12.5 በመቶ እስኪወርድ ቢደርቅ ክብደቱ 94 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ማንም ሳይሰርቅ፣ አይጥም ሳይበላ፣ ስድስት ኪሎ ያህል ጠፋ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ የእህል ጠባቂውን የሚጠረጥሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ከእነዚህ ሦስቱ እንደምንረዳው ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚወዛወዝ ነው፤ ይህን ተወዛዋዥ ስህተት እንበለው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ነው፤ ይህን አድላዊ ስህተት እንበለው። የሁለቱን ልዩነት ከማኅበራችን ሚዛን የበለጠ የሚያሳይ የለም።

አንድ ማኅበር ከአባላቱ 400 ኩንታል ገዛ እንበል። ሚዛኑ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ግማሽ ኪሎ ያህል የሚወዛወዝ ከሆነ፣ አንዱ ላይ የጨመረው ሌላው ላይ ከቀነሰው ጋር ስለሚጣፋ፣ በ400ው ላይ የሚጠበቀው አጠቃላይ ልዩነት ወደ 10 ኪሎ ብቻ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ስህተት የሚያድገው በቁጥሩ ልክ ሳይሆን በቁጥሩ ካሬ ሩት ልክ ነው፤ የ400 ካሬ ሩት 20 ነው፣ 20 ጊዜ ግማሽ ኪሎ 10 ኪሎ ነው። ነገር ግን ሚዛኑ ሁልጊዜ ግማሽ ኪሎ አሳንሶ የሚያነብ ከሆነ አይጣፋም። 400 ጊዜ ግማሽ ኪሎ 200 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ነው። ይህ ከአባላት ጎተራ የወጣ ሁለት ኩንታል ነው። ሚዛኑ አብልጦ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ኩንታል ከማኅበሩ ካዝና የወጣ ነው፤ ካዝናውም የአባላቱ ነው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የተባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ተወዛዋዡን ስህተት ደጋግሞ በመመዘን ማሳነስ ይቻላል። አድላዊውን ግን ሺህ ጊዜ ብንመዝን አይነካውም። እርሱን የምናገኘው ሚዛኑን ከሌላ፣ ከታመነ ልክ ጋር ስናስተያየው ብቻ ነው።

ያ የታመነ ልክስ ከየት ይመጣል? በአገራችን የሜትሪክ ልኬት በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ ነው። የኪሎ ግራም ልክ ራሱ ለብዙ ዘመን በፈረንሳይ አገር ከፓሪስ አጠገብ በተቀመጠ አንድ የብረት ቁራጭ ይወሰን ነበር። ይህ ቁራጭና ጥንቅቅ ብለው የተሠሩት ቅጂዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላ ሲመዘኑ በመካከላቸው እጅግ ጥቃቅን ልዩነት ተገኘ። በመሆኑም ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ ኪሎ ግራም በቁራጭ ብረት መወሰኑ ቀርቶ በማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር እንዲወሰን ተደረገ። በመስታወት ክዳን ተሸፍኖ ይኖር የነበረው የዓለም ኪሎ እንኳ ከተጠረጠረ፣ በአቧራና በፀሐይ የሚውለው የእኛ ሚዛን ቢጠረጠር ነውር የለውም። ነውሩ አለመጠርጠሩ ነው።

በትምህርት ቤት የራስ ዳሸን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው ብለን ሸምድደናል። በኋላ በተሻለ መሣሪያ የተገኘው ቁጥር ወደ 4,550 ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ተራራው አላጠረም፤ የተሻሻለው ልኬቱ ነው። የተራራ ከፍታ ቢሳሳት የሚራብ ሰው የለም፤ የእኛ ቁጥር ግን እንደዚያ አይደለም።

ወደ ውሃ ልምጣ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች በመስኖ የሚጠቀሙ አባላት በመካከላችን አሉ። ተራ በሰዓት ነው የሚከፈለው። የውሃውን መጠን በቀላሉ ለማወቅ 200 ሊትር በርሜል ስንት ሰከንድ እንደሚሞላ እንቆጥራለን። 20 ሰከንድ ከፈጀ 10 ሊትር በሰከንድ ነው እንላለን። ይሁን እንጂ ሰዓቱን ስንጀምርና ስናቆም በጠቅላላው አንድ ሰከንድ ብንሳሳት፣ መልሱ ከ9.5 እስከ 10.5 ሊትር ይሆናል። በአሥር ሰዓት ተራ ውስጥ የሚወጣው ውሃ 360 ሜትር ኩብ ነው ስንል፣ በእውነቱ 18 ሜትር ኩብ ወዲያ ወይም ወዲህ ሊሆን ይችላል። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ጥማድ ማሳን 40 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት 100 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንዲት ሰከንድ የተነሳ የአንድ ጎረቤት ተራ አምስተኛው ያህል አጠራጣሪ ሆነ ማለት ነው። አምስት ጊዜ ብንለካና አማካዩን ብንወስድ ይህ ጥርጣሬ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ነገር ግን እዚህም አድላዊ ስህተት አለ። ፓምፑ ሲሠራ ሲውል የጉድጓዱ ውሃ ወደ ታች ስለሚሸሽ፣ ጧት የተለካው የማታውን አይወክልም። ጧት ብቻ ለክተን ሰዓት ብናከፋፍል ሁልጊዜ የሚጎዳው የመጨረሻው ባለ ተራ ነው። የመጨረሻው ባለ ተራም በየጊዜው አንድ ሰው ከሆነ፣ የልኬት ስህተታችን የፍትሕ ስህተት ሆኗል።

ስለ ዝናብም እንዲሁ ነው። ከዞብል ተራሮች በኩል የሚመጣ ዝናብ አንዱን ማሳ አርሶ የጎረቤቱን ማሳ ሳይነካ እንደሚያልፍ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። የዝናብ መለኪያው የሚነግረን የቆመበትን ቦታ ነው። በአንድ መለኪያ ስለ ቀበሌ ሁሉ መናገር፣ እኔ በማሳው ራስጌ ቆሜ ስለ ግርጌው እንደተናገርኩት ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከዚያ በኋላ ምን አደረግሁ? በቀጣዩ ዓመት በእኒያው አባት ማሳ፣ እርሳቸውን አስፈቅጄ፣ ማሳውን በሰያፍ እያቋረጥኩ፣ በእርምጃ ቆጥሬ እንጂ በዓይኔ ሳልመርጥ አሥር ኳድራት ጣልኩ። ፍሬውን አድርቄ መዘንኩ። በግራም 340፣ 290፣ 60፣ 310፣ 180፣ 90፣ 260፣ 220፣ 130 እና 300 ሆነ። እውነቱን ለመናገር 60 የምትለዋን «ይህቺ ተሳስታለች» ብዬ ልሰርዛት እጄ ቃጥቶት ነበር። እርሷ ግን አቀንጭራው ናት፤ ያለፈው ዓመት ስህተቴ እርሷን አለማየት ነው።

አማካዩ 218 ግራም፣ ማለትም 21.8 ኩንታል በሄክታር ሆነ። የአሥሩ ቁጥሮች መበታተን 99 ግራም ያህል ነው። ይህን ለአሥር ካሬ ሩት፣ ለ3.2 ገደማ ብናካፍለው 31 ግራም ይመጣል፤ የአማካዩ የጥርጣሬ መጠን ይህ ነው። ለጥንቃቄ እጥፍ ይደረጋል፤ ናሙናው አሥር ብቻ ስለሆነም ጥቂት ተጨምሮበት 70 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ የጻፍኩት «22 ኩንታል» ብቻ አልነበረም፤ «22 ኩንታል፣ ከ15 እስከ 29» ብዬ ነው የጻፍኩት። ለግማሽ ሄክታሩ ከ7 ኩንታል ተኩል እስከ 14 ኩንታል ተኩል ማለት ነው። ተወቅቶ 10 ኩንታል ገባ።

ሪፖርቴን ያየ አንድ የሥራ ባልደረባ «ይህ ምን ዓይነት ግምት ነው? አታውቅም እንዴ?» አለኝ። አዎን፣ ከዚያ በላይ አላውቅም። ያለፈው ዓመት ቁጥሬ የማውቅ አስመስሎኝ ነበር፣ አላውቅም ነበር። የዘንድሮው የማውቀውንና የማላውቀውን ለይቶ ያሳያል። ክፍተቱን በግማሽ ለማጥበብ ብፈልግ 40 ኳድራት መጣል ነበረብኝ፤ ጥርጣሬን በግማሽ መቀነስ አራት እጥፍ ድካም ይጠይቃልና። ድካሙ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ደግሞ ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ በማየት የሚወሰን ነው።

በመሆኑም ለማኅበሮቻችንና ለኃላፊዎቻችን የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የምርት ግምት ሲጻፍ «ከስንት እስከ ስንት» ተብሎ ይጻፍ። ለገዥ ቃል ስንገባና የተቸገረ ሰው ስንለይ ዝቅተኛውን እንመልከት፤ ለመጋዘንና ለጆንያ ስናቅድ ከፍተኛውን እንመልከት። አንዱ ቁጥር ለሁሉም ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የናሙና ቦታ በዓይን አይመረጥ፤ የተመዘነው ሁሉ፣ የማናምነው ጭምር፣ በመዝገብ ይስፈር። ከጠረጠርነው ከጎኑ ምክንያቱን እንጻፍበት እንጂ አንሰርዘው።

ሦስተኛ፣ የግዢ ወቅት ከመጀመሩ በፊት ሚዛኖች በሥነ ልክ ባለሙያ ይፈተሹ። ከዚያም በየጧቱ አባላት ባሉበት ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ማንበቡ፣ ልኩ በተረጋገጠ ክብደትም ትክክል ማንበቡ ይታይ። አንዱን ጆንያ በሚዛኑ መሐልና በአራቱ ማዕዘን አስቀምጦ ማስተያየትም ብዙ ይናገራል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አራተኛ፣ የመስኖ ውሃ በቀን አንዴ ሳይሆን ጧትም ማታም ይለካ፤ ባለ ተራዎቹም እየተፈራረቁ ይለዋወጡ።

አምስተኛ፣ ይህ በተለይ ለኃላፊዎቻችን ነው። ክፍተት ያለው ቁጥር ይዞ የመጣን ሠራተኛ እንደ ሰነፍ አትዩት። አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ብቻ ከጠየቃችሁን እንሰጣችኋለን፤ ቁጥር መጻፍ ቀላል ነው። ነገር ግን «ያ ቁጥር የት ነው ያለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መንገድ ላይ አለ።

የኅብረት ሥራ ማኅበር የቆመው በመተማመን ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ድሩን የሚያያይዘው ግን አንዱ አባል በሌላው ቁና ማመኑ ነው። ይህ እምነት የሚገኘው ሚዛናችን አይሳሳትም በማለት አይደለም፤ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አስቀድመን በመናገርና ለማስመርመር ፈቃደኛ በመሆን ነው።

እኒያ አባት ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ አልጠራም። ትናንት ይህን ንግግር ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ «ጥሩ ነው ልጄ፤ ብቻ ዘጠኝ አይደለም፣ ዘጠኝ ኩንታል ከሁለት ቁና ነበር» አሉኝ።

በማን ቁና እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ። በራሳቸው ነው።